ድመቷ ሶፋውን ስትቧጭር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚባለው ለሰው ነው፤ መቧጨርን በተመለከተ ግን ለራሷ ለድመቷም ልክ ነው። አዲስ ሶፋ ገዝቶ በወሩ የክንድ ማሳረፊያው ክር ተመዝዞ ላገኘ ሰው ይህ አይዋጥለትም። ቁጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት እምነቶች አንዱን ተደግፎ ይመጣል።

«እልክ ይዟት ነው»

ሶፋው ስንት እንደተገዛ ድመቷ አታውቅም። የፊት እግሯ ጥፍር በንብርብር የሚያድግ ነው፤ ስትቧጭር ያረጀው የላይኛው ሽፋን ይወልቅና ከሥሩ የሰላው ይወጣል። ቤት ስትጠርጉ ቀጭን፣ ቆልመም ያለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቅርፊት ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ ጥፍሯ ተነቅሎ ሳይሆን አሮጌውን ጥላ ነው። መዳፏ ላይ ደግሞ ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ስለዚህ በቧጨረችው ቦታ ለዓይን ጭረት፣ ለሌሎች ድመቶች ደግሞ እኛ የማናሸተው መልእክት ትተዋለች። ጓዳ የተጣለውን አሮጌ ወንበር ትታ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበትን ሶፋ የምትመርጠውም ለዚህ ነው፤ ማስታወቂያ ሰው በማያልፍበት አይለጠፍም። ከእንቅልፍ ስትነሳ ጀርባዋንና ትከሻዋን የምታፍታታውም በዚያው ነው።

«አንድ ሁለቴ በጫማ ብትቀምስ ትተዋለች»

እናንተ እያያችሁ ትተው ይሆናል። ዱላውን የምታያይዘው ከሶፋው ጋር ሳይሆን ከመቺው ጋር ስለሆነ፣ ከቤት ስትወጡ ትመለስበታለች። ፍርሃትና ጭንቀት ደግሞ መቧጨሩን ያብሱታል። በድንገት በር ወይም መስኮት አካባቢ መቧጨር ካበዛች፣ ጫማ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ ውጭ ተመልከቱ፤ የጎረቤት ድመት ግቢው ውስጥ መመላለስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

«መቧጨሪያ ሰጥተናት እምቢ አለች»

በእኔ እምነት አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የሰጧት ነገር ብዙውን ጊዜ አጭር፣ የሚወዛወዝና ማንም በማይደርስበት ጥግ የቆመ ነው። ድመት በኋላ እግሯ ቆማ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ምሰሶው 80 ወይም 90 ሴንቲሜትር ቢሆን ይመረጣል። ስትሳብበት ከተነቃነቀ ዳግመኛ አትጠጋውም።

ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አናጢ ሰፊና ከባድ መቀመጫ ያለው ምሰሶ ይሠራላችኋል፤ ከላይ እስከ ታች የቃጫ ገመድ አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት። ምንጣፍ የምትቧጭር ከሆነች ግን ምርጫዋ የተጋደመ ነገር ነው፤ ሳንቃ ላይ የተወጠረ የቃጫ ወይም የጁት ጆንያ ይበቃታል። መጀመሪያ የምታቆሙት ከሚቧጨረው ሶፋ ጎን፣ አለዚያም ከምትተኛበት አጠገብ ነው። ሶፋውን ለጊዜው በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑት፤ ወይም በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፉበት። በምሰሶው ስትጠቀም ወዲያውኑ ቁራጭ ሥጋ ስጧት። መዳፏን ይዞ እንጨቱ ላይ ማሻሸት ግን እንድትሸሸው ያደርጋታል። ገመዱ ተበጣጥሶ አስቀያሚ ሲሆንም ለመጣል አትቸኩሉ፤ ለእሷ ገና አሁን ነው ያማረው።

«ጥፍሯን ማስነቀል ይሻላል»

ይህ በተለይ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚሰሙት ምክር ነው። ቀዶ ሕክምናው ጥፍር ብቻ አይነቅልም፤ የእያንዳንዱን ጣት የመጨረሻ አጥንት ይቆርጣል። የማይለቅ ሕመም ሊያስከትል፣ ድመቷን ወደ መንከስ ሊመራት፣ የመጸዳጃ አሸዋዋን ሊያስጠላት ይችላል። እስራኤል በ2011፣ ኒው ዮርክ በ2019፣ ሜሪላንድ በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክለውታል፤ የሚፈቀደው ለድመቷ ጤና የግድ ሲሆን ነው።

«ጥፍር መቁረጥ ያማታል»

ጫፉ ብቻ ከተቆረጠ አያማትም። ውስጡ የሚታየው ሮዝ ክፍል ደም ሥርና ነርቭ ስላለው አይነካም። ቤት ለምትውል ድመት በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ በቂ ነው። ውጭ የምትዞረውን ግን ተዉአት፤ ውሻ ሲያባርራት ዛፍ የምትወጣው በጥፍሯ ነው።

«የድመት ጭረት ምን ያመጣል? የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ነው»

ቀልድ የሌለበት እዚህ ነው። በኢትዮጵያ በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው በውሻ ቢሆንም ድመትም ይይዛታል፤ በንክሻ ብቻ ሳይሆን ምራቅ በነካው ጭረትም ልታስተላልፈው ትችላለች። ያልተከተበች ወይም የማታውቋት ድመት ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ጭረቱ ባይደማም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

የቤት ድመትም ብትሆን ቁንጫ ካለባት ባርቶኔላ የተባለ ባክቴሪያ በጥፍሯ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ በተለይ ግልገሎቹ። ከተቧጨራችሁ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ብብታችሁ ወይም አንገታችሁ ሥር ንፍፊት ካበጠና ካተኮሳችሁ፣ ድመት እንደቧጨረቻችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።