ግሉኮስ ከተሰካ በኋላ፦ የደም ሥር ሕክምና በአዳማ

አዳማ ላይ «ግሉኮስ ተሰካልኝ» የሚል ሰው የተሰካለት ግሉኮስ ላይሆን ይችላል። ተሰቅሎ ጠብ ጠብ የሚል ፈሳሽ ሁሉ በከተማው አፍ ግሉኮስ ነው። ነርሶች ኤንኤስ የሚሉት ኖርማል ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው ውሃ ነው። ሪንገር ላክቴት ደግሞ ፖታሲየምና ካልሲየም ይጨምራል። እውነተኛው 5 በመቶ ግሉኮስ በሊትር የሚይዘው ስኳር 50 ግራም ነው። ይህ አንድ ጠርሙስ ተኩል ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ካለው ስኳር ብዙም አይለይም። «አቅም እንዲሆነኝ ስቀሉልኝ» ብሎ ነርስ መጨቅጨቅ ታዲያ ብዙ አያዋጣም። መዋጥና መጠጣት ለሚችል ሰው ኦአርኤስም ሾርባም አለ።

በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግን ጥቂት አይደሉም። ከተማዋ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በመኪና አደጋ ደሙ የፈሰሰ፣ በተቅማጥ የደረቀ፣ ወባ የጠናበት ሁሉ ደም ሥሩ በፍጥነት መገኘት አለበት። ለጠና ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔት ገና እንደገባ፣ ከ12 እና ከ24 ሰዓት በኋላ ይወጋል። ስለዚህ ካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ያገለግላል።

የካኑላው ውፍረት በቀለሙ ይታወቃል። ቢጫው ለሕፃናት ነው፤ ሰማያዊና ሮዙ ለብዙው ሰው ይሆናሉ። አረንጓዴና ግራጫው ደም ወይም ፈሳሽ በጥድፊያ ለሚያስፈልገው ነው። ብዙ ታማሚ መርፌው እጁ ውስጥ የቀረ እየመሰለው ጣቱን ማንቀሳቀስ ይፈራል። መርፌው ግን ወዲያው ይወጣል፤ የሚቀረው ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደም ሥሩ ሲቆጣ ቦታው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሲዳሰስም እንደ ገመድ ይጠነክራል። ቱቦው ከደም ሥር ከወጣ ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ይገባና እጁ አብጦ ይቀዘቅዛል። ኤንኤስ ከሆነ እብጠቱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጎድላል። የካንሰር መድኃኒት፣ ካልሲየም ወይም 40 በመቶ ግሉኮስ ከሆነ ግን ሥጋውን ሊገድለው ይችላል። «ሲስተር፣ እጄ አበጠ» የሚል ታማሚ አበዛኸው ሊባል አይገባም። ያኔውኑ ይዘጋል፣ ይታያል።

ኢንፌክሽን ሌላው ፈተና ነው። ተህዋሲያን ከቆዳ ወይም ካልታጠበ እጅ ተነስተው በቱቦው በኩል ደም ውስጥ ይደርሳሉ። ቀድሞ ካኑላ በየሦስት ቀኑ ይቀየር ነበር። አሁን ብዙ መመሪያዎች ለአዋቂ ሰው የሚሉት በየቀኑ እየታየ፣ ችግር ሲታይ ወይም ሥራው ሲያልቅ ይነቀል ነው። በጥድፊያ፣ ቆዳው በቅጡ ሳይጸዳ የገባ ግን ቶሎ ይቀየራል። ለእኔ ዋርድ ውስጥ ከሚሰሙት ሁሉ የከፋው አነጋገር «ለማንኛውም ይቆይ» ነው።

አስታማሚውም እዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። አንድ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ከታዘዘና 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይወርዳል። አስታማሚው ቶሎ አልቆ ወደ ቤት እንዲገቡ ብሎ መቆጣጠሪያዋን ለቀቅ ያደርጋታል። ልብ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ፣ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን፣ ወባ ለጠናበትም ሰው ያ ፈሳሽ ሳንባ ላይ ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል ከረጢቱ ባለቀ ቁጥር «አየር ገባ!» ተብሎ ይሮጣል። እጅ ላይ ባለ መስመር የምትታየው ትንሽ አረፋ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም። ደም ወደ ቱቦው ከተመለሰ ግን ሊረጋና መስመሩን ሊዘጋ ስለሚችል ነርስ መጥራቱ አይከፋም።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። ፖታሲየም ሳይበረዝ በአንዴ ከተወጋ ልብ ያቆማል። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ካልሲየም ካለው ሪንገር ጋር አይቀላቀልም፤ ጨቅላ ሕፃን ላይ ሞት አስከትሏል። ለኩላሊት እጥበት ፊስቱላ (በቀዶ ሕክምና የተገናኙ ደም ሥሮች) የተሠራበት ክንድ ደግሞ ለካኑላም ለደም ግፊት መለኪያም አይሰጥም። ነርሷም ከአደጋ ውጭ አይደለችም። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ የሚባለው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከተወጋችም የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት።

አንዳንዱ ታማሚ ጠዋትና ማታ መርፌ ስላለበት ካኑላውን በፕላስተር አስሮ ባጃጅ ላይ ይወጣል። ይህ ሰው ውሃ አያስነካው፣ በዚያ እጁ ዕቃ አይሸከም። ቀላ፣ አበጠ ወይም ብርድ ብርድ አለው? የማታውን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ያኔውኑ ይመለስ።