ስኳር ሲወርድ አንጎል ምን ያደርጋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምሳ ያለፈበት ሰው ሁሉ «ስኳሬ ወረደ» ይላል። ብዙውን ጊዜ አልወረደም፤ ርቦት ነው። በእርግጥ የሚወርድባቸው በአብዛኛው ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቀንስ ሆርሞን) የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ሕመም ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። መለኪያው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ካሳየ ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ከሆነ ቀልድ የለም። በዚያ ሰዓት አንጎል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር በየቤቱ ከሚወራው ግን ብዙው ስህተት ነው።

«አንጎል የሚነቃው ስኳር ካለቀበት በኋላ ነው»

ቀድሞ ነው የሚነቃው። አንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። እዚያ ካሉት የነርቭ ሴሎች አንዳንዶቹ ስኳር ሲጨምር ይነቃቃሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሲቀንስ። እ.ኤ.አ. በ1964 የጃፓንና የሕንድ ተመራማሪዎች በየፊናቸው እንስሳት ላይ እነዚህ ሴሎች ለስኳር መልስ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ስኳር ሲጨምር የሚነቃቁት ሴሎች አሠራራቸው ኢንሱሊን ከሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች ጋር ይመሳሰላል። ስኳሩ ገብቶ ወደ ኃይል ሲለወጥ ፖታሲየም የሚወጣበት ቀዳዳ ይዘጋል፣ ሴሉም መልእክት ይልካል። ስኳር ሲያንስ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሴሉ ጸጥ ይላል። ያኔ ስኳር ሲቀንስ የሚነቃቁት ሥራ ይጀምራሉ።

መልእክቱ በነርቭ ወርዶ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ጋ ይደርሳል፤ አድሬናሊን ይለቀቃል። ቆሽት ግሉካጎን የሚባል ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ሆርሞን ያመነጫል። ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ሰው ላይ ስኳሩ 80 አካባቢ ሲደርስ የኢንሱሊን ምርት ይቀንሳል። ከ65 እስከ 70 ላይ አድሬናሊንና ግሉካጎን ይነሳሉ። ሰውየው ራሱ «አመመኝ» የሚለው ግን 55 አካባቢ ነው። ስሜቱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

«ላቡና መንቀጥቀጡ ነው አደጋው»

እነሱ እንኳን ማስጠንቀቂያ ናቸው። የልብ ምት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ብርድ እያለ ግንባር ላይ የሚቸፈቸፍ ላብ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውነት እየተከላከለ መሆኑን ነው የሚያሳዩት። አንጎል ራሱ ሲራብ ምልክቱ ሌላ ነው። ዓይን ብዥ ይላል። ምላስ ይተሳሰራል። ሰው የጠየቁትን ትቶ ሌላ ያወራል። ክፉ ቃል ወጥቷቸው የማያውቁ አባት ድንገት ቱግ ይላሉ፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲሰጧቸው «ምን አገባችሁ፣ ተዉኝ!» ብለው ብርጭቆውን ይገፋሉ። ቤተሰብ ይቀየማል። ጎረቤት «ጠጥተው ነው» ወይም «ለክፏቸው ነው» ይላል። ከመቀየም በፊት ጣት ወግቶ መለካት ይሻላል።

«እኔ ሲወርድብኝ ይሰማኛል፣ መለኪያ ምን ያደርግልኛል?»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይሰማል። ግን ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው አንጎል ዝቅታውን ይለምደዋል። አድሬናሊን የሚለቀቅበት የስኳር መጠን ወደ ታች ይወርዳል። ትናንት ከሰዓት አንድ ጊዜ የወረደበት ሰው እንኳን ዛሬ ደግሞ ቢወርድበት ምልክቱ ደከም ብሎ ነው የሚመጣው። እንቅልፍም ማስጠንቀቂያውን ያዳክማል። በዓይነት 1 ስኳር ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ላይ ደግሞ ቆሽት ስኳር ሲወርድ ግሉካጎን መልቀቁን ያቆማል። ስለዚህ ስኳሩ 45 ሆኖ እየሳቀ የሚያወራ ሰው ታገኛላችሁ። ላብ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ከዚያ በቀጥታ መውደቅ።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚሰጡ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍናሉ። ላቡን ግን አይሸፍኑም፤ እነዚህን የሚወስድ ሰው ላቡን ልብ ይበል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ስኳሩ ደጋግሞ በመውረዱ የደከመው ማስጠንቀቂያ ሊመለስ ይችላል። ስኳሩ ለጥቂት ሳምንታት ጨርሶ እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ብዙዎች ላይ ማስጠንቀቂያው ይመለሳል። ይሄ የመድኃኒት መጠንን ማስተካከል ሊጠይቅ ስለሚችል ከሐኪም ጋር የሚሠራ ነው።

«አንጎል ስኳር የሚወስደው በኢንሱሊን ነው»

አይደለም። አብዛኛው የአንጎል ሴል ያለ ኢንሱሊን ነው የሚወስደው። ለዚህም ነው ኢንሱሊን ሲበዛ አንጎል የሚጎዳው፦ ጡንቻና ስብ ስኳሩን ይስቡታል፣ ጉበት መስጠት ያቆማል፣ አንጎል የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው።

«ሰው ጾሞ ይውል የለ? አንጎል ሌላ ነገር ይጠቀማል»

ግማሹ ልክ ነው። ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ጉበቱ ስኳሩን ይዞለት ይቆያል። ለቀናት ባይበላ ደግሞ ከስብ የሚሠራው ኬቶን አንጎልን ይመግባል። ችግሩ፣ ኢንሱሊን የኬቶንን ምርት ያፍናል። ኢንሱሊን በዝቶበት የወረደበት ሰው ይህ ስንቅ የለውም። አንጎል ውስጥ ያለው የራሱ ክምችትም እጅግ ትንሽ ነው።

«ቸኮሌት ይብላ፣ ራሱን ከሳተ ማር አፉ ውስጥ ጨምሩለት»

የቸኮሌቱ ቅባት ስኳሩን ያዘገየዋል። ፈጣኑ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ዳይት ወይም ዜሮ የሚለው አይሠራም። 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፤ ካልወጣ መድገም። ከወጣ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ ይከተላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አረቄ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጉበት አልኮሉን እያስወገደ ሳለ አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቆማል። ማታ ሳይበላ የጠጣ የስኳር ሕመምተኛ ጠዋት ሊወርድበት ይችላል። ያኔ አጠገቡ ያለው ሰው የሚያየው ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰካራም ነው።