«90% ኤአይ» ማለት ምን ማለት ነው?

በርእሰ መምህራን ግሩፓችን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ጽሑፍ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጻፉን የሚገምተው መመርመሪያ የተማሪውን ድርሰት «90% ኤአይ» ካለው ዜሮ እንስጠው?

የለም። ቁጥሩ የማሽን ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። በራሳቸው ከጻፉ 100 ልጆች በ5ቱ ብቻ ቢሳሳት እንኳ፣ አምስቱ ያለጥፋታቸው ዜሮ ታቀፉ ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የኛዎቹ ተማሪዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ፈትሸው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩ «የኤአይ ነው» ተባለ። ቀለል ባለ ቃል መጻፍ አስጠረጠረ! የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይም በዚያው ዓመት የራሱን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንስቶታል።

ኤአይ ለቤት ሥራ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ግን እንደየትምህርት ቤቱ ነው።

ከተጠራጠራችሁ ልጁን ጥሩት። «ወረቀቱን ገልብጠውና ሁለተኛውን አንቀጽ በቃልህ አስረዳኝ» በሉት። በአማርኛም ቢሆን።