«ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህን አባባል ያልተናገረ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራን ሳናውቀው የአክስት ልጅ ሰርግ ላይ እንደርሳለን። ያኔ አንዱ «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል እንዲሉ…» ይልና ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ወሬ ሌላውን ያስታውሳል። ቃላቱን ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋቸው ግን ሌላም ነገር አለ።

«ጨዋታ» የመጣው ተጫወተ ከሚለው ነው። ልጆች ኳስ ሲያባርሩ ጨዋታ ነው፤ ሁለት አዛውንቶች ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሲያወጉም ጨዋታ ነው። እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወቱ እንጂ» እንላለን፤ አውሩ ማለታችን ነው። «ማንሳት» ደግሞ የተቀመጠን ወይም የወደቀን ነገር ብድግ ማድረግ ነው። የሰው ስም መጥራትም ማንሳት ይባላል፤ «አሁን ስናነሳሽ ነበር» እንላለን። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። በአባባሉ ውስጥ ጨዋታው ተቀምጧል፣ በራሱ አይነሳም፣ ሌላ ጨዋታ መጥቶ እጁን ይዞ ያስነሳዋል።

«ነገርን ነገር ያነሳዋል» የሚሉም አሉ። በግዕዝ ነገር ንግግር፣ ቃል ማለት ነው። በአማርኛ ግን ጉዳይም ጠብም ሆኗል፤ ነገረኛ የሚለው ቃል ከዚህ ነው የመጣው። ስለዚህ ይህኛው የቆየ ቂም ሲቀሰቀስም ይነገራል።

አሁን ጨዋታ ወደሚበዛበት ወደ ቡናው ልምጣ። አቦል ላይ የሚወራው ሁልጊዜ ያው ነው። ዝናቡ፣ የዘይት ዋጋ፣ መብራት መጣ ጠፋ፣ የልጆች ትምህርት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ «ዶላር ስንት ገባ?» ተጨምሯል፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ስላለፈ በየቤቱ የማይነሳበት ቀን የለም። ይህን «ያው የተለመደው ወሬ» ብለው የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ በደንብ አይወጣለትም። የአቦሉ ወሬም ማሟሻ ነው። ብድር ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ገና ከመግባቷ ብር አትጠይቅም፤ ስለ ብርዱ ታወራለች፣ ስለ ልጆቿ ታወራለች፣ ቶናውን ትጠጣለች፣ በረካው ላይ ስትደርስ የልቧን ትናገራለች፤ የቤቱ እመቤትም ከኑሮ ውድነቱ ወሬ ጀምራ ነገሩን ጠርጥራ ስለነበር አታሳፍራትም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ እኔ ሜሪላንድ። እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። እኔ ጋ ገና ጠዋት ነው፤ እሷ ጋ በዚህ በሜሪላንድ የብርድ ወራት 10 ሰዓት ሆኖ ቡናው ይፈላል። ጥያቄዎቿን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። «በላሽ? ብርዱ እንዴት ያደርግሻል? ሥራ ደህና ነው?» አንድ ጊዜ ጤናዋን ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝና ወደ ብርዱ ተመለስን። እኔም እንደ ዋዛ ብርዱና የቤቱ ማሞቂያ ዓይኔን እያደረቀው እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል ልጄ፣ የኔም ዓይን ከመስቀል ወዲህ ደብዘዝ ብሎብኛል» አለች።

ሞራ ነበር። በሳምንቱ ወንድሜ ሐኪም ጋ ወሰዳት። ደህና ነኝ ብላኝ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላትም ነበር እኮ። አሁንም በየእሁዱ ስንደዋወል የምንጀምረው ከብርዱ ነው፤ እኔም አላቻኩላትም።