ኮምፒውተር ቤተ ጊዮርጊስን በምን መልክ ይይዘዋል?

“የስሪዲ ውክልና” (ኮምፒውተር ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለውን ቅርፅ የሚይዝበት መንገድ) የሚለው ነገር ብዙ የኮምፒውተር ተማሪዎችን ግራ ያጋባል። ወሎ ላለ ሰው ግን ላሊበላ ሄዶ ማየት ይበቃዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ስታዩት መስቀል ነው። ወርዳችሁ በሩ ፊት ስትቆሙ መስቀሉ የለም። የሚታያችሁ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ነው። ካሜራ የሚያገኘው እነዚህን የማይመሳሰሉ ምስሎች ነው። አንድ ሕንፃ መሆናቸውን በምን ይወቅ?

አንዱ መንገድ ዕቃውን ከብዙ አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ነው። ቀላል ነው፤ ያልተነሳ ማዕዘን ሲመጣ ግን ይቸገራል። ሌላው ቅርፁን ከዕቃው ከራሱ በሚነሳ መለኪያ መግለጽ ነው። የእይታ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ማር እና ኒሺሃራ በ1978 እ.ኤ.አ. የተሟገቱት ለዚህ ነው። ተመልካቹ የትም ይቁም፣ መግለጫው አይለወጥም። እኔንም የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው።

ቅርፁ የሚጻፍበት መንገድም ይለያያል። በሌዘር ስካነር የተነሳ ከሆነ የነጥቦች ክምችት ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ቦታውን የሚነግሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ነጥቦቹ በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሲያያዙ ሜሽ ይባላል። ቦታውን በኩብ ከፋፍሎ “እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ባዶ ነው” ማለት ደግሞ ቮክሰል ነው። ቮክሰል ሜሞሪ ይጨርሳል፦ በየጎኑ 32 ኩብ ካለ ጠቅላላው 32,768 ነው፤ 64 ስታደርጉት 262,144 ይደርሳል።

የነጥብ ክምችትም የራሱ ጣጣ አለው። የነጥቦቹ ዝርዝር ቢገለባበጥም ሕንፃው ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በቅደም ተከተሉ ሊሳሳት ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖይንትኔት የተባለ የነጥብ ክምችት የሚያነብ የኮምፒውተር ሞዴል መላ ያገኘለት ለእያንዳንዱ ነጥብ ባሕርዩን የሚገልጹ ቁጥሮች አስልቶ፣ ከነጥቦቹ ሁሉ በየባሕርዩ ትልቁን ዋጋ በመውሰድ ነው። ትልቁን ለመምረጥ ማን ቀድሞ እንደተጻፈ ማወቅ አያስፈልግም።