ድሬ ላይ ግቢ ውስጥ የእንጨት መደብ (ዴክ) አሰራር

ዴክ ሲባል የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ያለ የጣውላ ወለል ነው፣ ሰሌን ወይ ፍራሽ ይነጠፍበትና ይቀመጡበታል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች በሙቀቱ ማታ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም፣ ሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ ደሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ሲተፋው ነው የሚያመሸው፣ እንጨት ግን ብዙ ሙቀት ስለማይዝ ቶሎ ይበርዳል።

ከፍ ብሎ መቀመጥ በአካባቢው የቆየ ነገር ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ሳሎን ከፍና ዝቅ ያለ ነደባ (መቀመጫ መደብ) ነው፣ አሚር ነደባ፣ ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ እየተባለ ሰው እንደ ክብሩ ይቀመጥበታል። እሱ ግን ቤት ውስጥ ስለሆነ ዝናብም አያገኘው፣ ስራውም የግንበኛ እንጂ የአናጢ አይደለም።

የኛ ችግር ምስጥ ነው አቦ። እኔ መጀመሪያ የሰራሁት አጣናውን መሬት ቆፍሬ ተክዬ ነበር፣ ከላይ ቫርኒሽ ቀብቼ አምሮ ምናምን፣ ዓመት ሳይሞላው ጀበና ይዤ ስወጣ አንዱ ጣውላ ሰጠመ፣ እግሬ ውስጥ ገባ፣ ስገለብጠው አጣናው ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ ውስጡ አፈር ሆኗል። ስለዚ ህጉ አንድ ነው፣ እንጨት አፈር እንዳይነካ። የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚሉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ በሙቀት ይሸታል ልብስም ያበላሻል አፈሩንም ይበክላል። የአበሻ ጥድ ከተገኘ ምስጥ ብዙም አይደፍረውም፣ ባህር ዛፍን ግን በደንብ ይበላዋል።

መጠኑን ሞራሌውና (ብሎኬቱ ላይ ተጋድሞ ጣውላውን የሚሸከመው እንጨት) ጣውላው ይወስኑ፣ ብዙ ጊዜ ባለ 4 ሜትር ስለሆኑ 4 በ2 ከተሰራ ፍርፋሪ አይተርፍም። ለዚህ 6 ሞራሌ (5 በ7) በየ40 ሴንቲው፣ 15 ሴንቲ ስፋት ያለው ጣውላ 13 ለሁለት ተቆርጦ 26፣ ብሎኬት 30 (በየሞራሌው ስር 5) ይበቃል፣ አንድ ሁለት ጣውላ ለጠማማው ጨምሩ። ሲባጎ ወጥሮ ከጥግ ጥግ ሲለካ ሁለቱም 4 ሜትር ከ47 ካልመጣ ማዕዘኑ ልክ አይደለም። ከዛ የላዩ አፈር ይነሳል፣ መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በሜትር 2 ሴንቲ ያህል ዝቅ እያለ ይስተካከላል፣ ጠጠር ይነጠፋል። ብሎኬቱ በ5 ረድፍ፣ ረድፉ በሜትር በሜትር ተራርቆ፣ ግማሹ ተቀብሮ በውሃ ልክ ይቀመጣል፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይሞላል። ብሎኬቱ ላይ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ የቆርቆሮ ቁራጭ ጣል አርጉበት፣ ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሰርቶ ወደ እንጨቱ ሊወጣ ሲል በቆርቆሮው ጠርዝ መዞር ስላለበት ይታያል።

ጣውላ ሲገዛ ባብዛኛው እርጥብ ነው፣ በድሬ ሙቀት ወዲያው ከተመታ ይጣመማል፣ ጥላ ስር በመሃሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ ሁለት ሶስት ሳምንት ይቆይ። ሲገጠም በጣውላና ጣውላ መሃል 5 ሚሊ ክፍተት ይተዋል (ትልቅ ምስማር ማስገባት ይበቃል)፣ ደረቅ ባህር ዛፍ ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በድሪል ይበሳል፣ ከምስማር ብሎን ይሻላል፣ በየሞራሌው ሁለት ሁለት። የብሎኑ ጭንቅላት ወደ ውስጥ ካልሰመጠ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባዶ እግሩን የረገጠ ሰው ይዘላል፣ ልጆች በተለይ።

ቦታው ኒም ስር ቢሆን ደስ ይላል፣ ቅጠሉን መጥረግ ግን የየቀን ስራ ነው። ደቻቱ ወይ ሌላ አሸዋማ ወንዝ አጠገብ ያለ ግቢ ላይ ግን እኔ ብሆን አልሰራም፣ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፣ ላይ ደጋው ሲዘንብ ነው የሚመጣው፣ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ ደሞ በልግም ክረምትም አለ፣ እና ስራውን ጥቅምት ህዳር ላይ መጀመር ይሻላል።

ካለቀ በኋላ በወር አንዴ ሆድን መሬት አስነክቶ በስልክ ባትሪ ስሩን ማየት ነው፣ የጭቃ መስመር ከታየ በዱላ ማፍረስ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ከተሰራ መርዝ መግዛት።