ወሎና የዓለም አቀፍ ሰላም ማስከበር፤ ከውጫሌ እስከ አብዬ

ይህ ዳሰሳ ወሎ ከዓለም አቀፍ የሰላምና የጋራ ደህንነት ማኅበራት ጋር ያላትን ታሪካዊ ግንኙነት ይመለከታል። ወሎ ሲባል የታሰበው በቀድሞው አጠራር ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም ክፍለ ሀገር የነበረው፣ ዋና ከተማው ደሴ የሆነው ሰፊ አገር ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ክፍል በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎ፣ በዋግ ኽምራና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ተከፋፍሎ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስላደረጉት ንግግር፣ ስለ ኮሪያና ስለ ኮንጎ ዘማቾች ብዙ ተጽፏል። ሆኖም የተጻፈው ሁሉ ነገሩን ከአዲስ አበባ ወይም ከጄኔቭ ሆኖ የሚያይ ስለሆነ፣ የማኅበሩ ቃል በፈረሰ ጊዜ ቦምቡ የወረደባት ከተማ ደሴ መሆኗና የወሎ ልጆች ከዚያ በኋላም ለሌሎች አገሮች ሰላም መዝመታቸው በአንድነት ተያይዞ አይነበብም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መዘረፉም እንዲህ ያለውን ሥራ አስቸኳይ አድርጎታል።

እርቅና ዋስ

ወሎዬ የሰላም ስምምነትን የሚመዝንበት ሚዛን ከአበጋር ሥርዓት የመጣ ነው። አበጋሮች ጸብ የሚያበርዱ፣ ደም የሚያደርቁ የተከበሩ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ በሸንጓቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። ነፍስ በጠፋ ጊዜ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ወዲያው ፊት ለፊት አይገናኙም፤ ሽማግሌዎቹ በመካከል ይመላለሳሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ከዚያም ዋስ ይጠራል። ዋስ የሆነ ሰው ቃል ሰጥቶ ብቻ አይሄድም፤ የተዋሰለት ወገን ቢያፈርስ ስሙም ንብረቱም አብሮ ይያዛል። የጋራ ደህንነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ሐሳብም ሲገለጥ ይኸው ነው፤ ስምምነቱ የፈረሰ ዕለት ዋሱ ምን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ ዋናው ነው።

ውጫሌና ወረኢሉ

በአምባሰል ምድር በምትገኘው ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ የታወቀውን ውል ተፈራረሙ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መጻጻፍ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎባቸዋል። ኢጣሊያ በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ውሉ የተፈረመው በወሎ እንደሆነ ሁሉ፣ ውሉን ለማፍረስ የተነሣው ሠራዊት ከመሰብሰቢያዎቹ አንዱም በወሎ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. መባቻ የወጣው የክተት አዋጅ የሸዋን ሰው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ይላል። በራስ ሚካኤል የተመራው የወሎ ፈረሰኛ በዓድዋ የሠራው ጀብዱ በአገሩ ዛሬም በክብር ይነሣል።

ደሴ፣ 1928 ዓ.ም.

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ መሠረት፣ ቃል ኪዳኑን ጥሶ በአንድ አባል ላይ ጦር ያነሣ መንግሥት በሁሉም አባላት ላይ ጦር እንዳነሣ ይቆጠር ነበር። በወሎ አነጋገር፣ ከሃምሳ ያላነሱ መንግሥታት ለኢትዮጵያ ዋስ ገቡ ማለት ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ የማኅበሩ ምክር ቤት በአራት ቀን ውስጥ ኢጣሊያን ቃል ኪዳን አፍራሽ ብሎ ወሰነ። እስከዚህ ድረስ ማኅበሩ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን ሲጸና ግን የዋሶቹ ልብ ታወቀ። ለኢጣሊያ የጦር መሣሪያ፣ ብድር፣ ጎማና ቆርቆሮ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሳይቀር በዝርዝሩ ገቡ። አውሮፕላኑንና የጭነት መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን አልተከለከለም፣ ወታደሩንና መሣሪያውን ወደ ምጽዋ የሚያሳልፈው የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ ጦሩን በሳምንት ውስጥ ለመመለስ ይገደድ እንደነበር ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር ወደ ደሴ መጥተው የጦር ሰፈራቸውን በዚያ አደረጉ። የወሎ ገዥ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበሩ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና የቀይ መስቀል ሐኪሞችም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ገብተው ነበር። ስለዚህ ዘመን ብዙ ፎቶግራፍና ጽሑፍ የተረፈን በእነዚህ እንግዶች ምክንያት ነው። ኅዳር 26 ቀን ማለዳ የኢጣሊያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው ከተማ ላይ ቦምብና ተቀጣጣይ እሳት አዘነቡ። የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች ተያያዙ፤ የቀይ መስቀል ምልክት በጉልህ የተዘረጋበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። የሞቱትና የቆሰሉት ብዙዎቹ ሲቪሎች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ላይ ሆነው ሲተኩሱና ካልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ቆመው የሚያሳዩት በዓለም የታወቁ ፎቶግራፎች ከዚሁ ከደሴ የወጡ ናቸው። በሆስፒታሉ የነበሩት ሐኪሞች በፊርማቸው ተቃውሞ ላኩ። ተቃውሞው ጄኔቭ ደረሰ፤ ነገር ግን በቦምቡ ምክንያት የተጨመረ ማዕቀብ አልነበረም።

ቀኖቹን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ደሴ ከተቃጠለች ከሁለት ቀን በኋላ፣ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫል በፓሪስ ተቀምጠው ከኢትዮጵያ መሬት ብዙውን ለኢጣሊያ የሚያስረክብ ዕቅድ ጨረሱ። ዕቅዱ በማግስቱ በጋዜጣ ወጥቶ የእንግሊዝን ሕዝብ አስቆጣ፣ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚህ የእንግሊዝ ሕዝብ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ዋስትናውን ያፈረሱት ግን ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ጠላቶች አልነበሩም፣ የማኅበሩ ምሰሶ የነበሩት ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ናቸው።

በየካቲትና በመጋቢት ጦርነቱ ወደ ኮረምና ወደ አላማጣ ተጠጋ። ሁለቱም በኋላ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የተዳደሩ ናቸው፤ የአሁኑ አስተዳደራዊ ይዞታቸው አከራካሪ መሆኑን ብቻ እዚህ መጥቀስ ይበቃል። በአላማጣ አቅራቢያ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሕክምና ጓድ ድንኳኖች በቦምብ ተመቱ። በኮረም የቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ ከአውሮፕላን በተረጨ የሰናፍጭ ጋዝ ሰውነታቸው የተቃጠለ ሰዎች ሜዳውን ሞልተው ማየቱን መስክሯል። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የመጨረሻው ታላቅ ውጊያ ተደረገ፤ ሚያዝያ 7 ቀን የኢጣሊያ ጦር ደሴ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ፤ ማኅበሩ ግን በሐምሌ መጀመሪያ ማዕቀቡን አነሣ። ደሴ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አርበኞችና በደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ነጻ ወጣች።

ኮሪያና ኮንጎ

ይህ ሁሉ የደረሰበት አገር በኅብረት ደህንነት ላይ ያለውን እምነት ቢጥል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ኢትዮጵያ ግን በተባበሩት መንግሥታት መሥራችነት ቆማ፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከክቡር ዘበኛ የተመለመለውን የቃኘው ሻለቃ ላከች። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ በየተራ የዘመቱት ሻለቆች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፣ ከ120 በላይ ወታደሮች ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከቃኘው አንድም ሰው አለመማረኩ የዘማቾቹ ታላቅ ኩራት ነው፤ በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሙዚየም ቆሞላቸዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለዘመቻው ይሰጥ የነበረው ምክንያት ከደሴና ከጄኔቭ ልምድ በቀጥታ የተቀዳ ነበር፤ ለእኛ ያልተደረገልንን ለሌላው እናድርግ የሚል።

በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የኮንጎ ተልእኮ ደግሞ ከኮሪያው በዓይነቱ ይለያል። ኮሪያ ውጊያ ነበር፤ ኮንጎ የሰላም ማስከበር ሥራ ነበር፣ ኢትዮጵያም ከሠራዊቱ አዋጪዎች መካከል ግንባር ቀደም ነበረች። የቃኘው ዘማቾች አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከ1962 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው አገልግለዋል። መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኒውዮርክ ጠቅላላ ጉባኤ ሲናገሩ፣ ከ27 ዓመት በፊት በጄኔቭ መቆማቸውን በማስታወስ ጀምረዋል።

በደርግ ዘመን አገሪቱ በራሷ ጦርነቶች ተይዛ ስለነበር ሰላም አስከባሪ አልላከችም።

የአሰብ መንገድና የድንበሩ ተልእኮ

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት ወሎን በመንገዷ በኩል ነካት። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ የሚወርደው አውራ ጎዳና ለዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ዋና የወደብ መስመር ነበር። መስመሩ ሲዘጋ የጭነቱ ጉዞ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በመንገዱ ዳር በሹፌርና በረዳት ይኖሩ የነበሩ ሻይ ቤቶች፣ አልጋ ቤቶችና ጎሚስታዎች ገበያቸው ቀዘቀዘ።

ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት መሠረት፣ እስከ 4,200 ወታደር የተፈቀደለት የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጊዜያዊ የደህንነት ቀጣና ሠፈረ። ሁለቱን ጦሮች አራርቆ ማቆየቱ ተሳክቶለታል፤ እርሱ በነበረበት ጊዜ ሙሉ ጦርነት አልተመለሰም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. እዚያው አልጀርስ በተፈረመው የሰላም ስምምነት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን በ1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ሲወስን ኢትዮጵያ በአፈጻጸሙ ላይ ተገቢ ያለቻቸውን ጥያቄዎች አነሣች። የኤርትራ መንግሥት በበኩሉ የተልእኮውን ሄሊኮፕተሮች በረራ ከለከለ፣ ቆይቶም ነዳጅ አቋረጠበት፤ ተልእኮውም በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አበቃ። ሰላም አስከባሪ የባለ ጉዳዮቹ ፈቃድ ሲነሣበት የሚያደርገው ብዙ እንደሌለ በዚህ ተልእኮ በግልጽ ታይቷል።

ከሩዋንዳ እስከ አብዬ

ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ ኢትዮጵያ ወደ ሰላም ማስከበር ተመልሳ በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በደቡብ ሱዳን ሠራዊቷን አሰማርታለች፤ በጥር 2006 ዓ.ም. በሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረትን ጦር ተቀላቀለች። በ2008ና በ2009 ዓ.ም. ከ8,000 በላይ ወታደር በማዋጣት ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ሁሉ የቀዳሚነቱን ስፍራ ይዛለች። በደሴ፣ በሆጤም ሆነ በቧንቧ ውሃ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰማያዊ መለዮ ያደረገ ልጅ ፎቶ፣ ከሥሩም በመስታወት የገባ የተልእኮ ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። እናት እንግዳ ሲመጣ ቡናውን እያቀራረበች «ልጄ ለሰው አገር ሰላም የቆመ ነው» ስትል ድምጿ ውስጥ ያለው ኩራት የመንግሥት መግለጫ የሚተካው አይደለም።

ከእነዚህ ተልእኮዎች መካከል በተለይ የሚጠቀሰው ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባት የአብዬ ግዛት ተልእኮ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት ባሳለፈው ውሳኔ የተቋቋመው ጦር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ኢትዮጵያዊ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው ሱዳንም ሊመሠረት ቀናት የቀሩት የደቡብ ሱዳን መንግሥትም የተስማሙበት ጦር የኢትዮጵያ ጦር ስለነበረ ነው፤ በአበጋር ቋንቋ፣ ሁለቱም ወገን የተቀበሉት ዋስ መሆን ማለት ነው። የሱዳን ጦር ከአብዬ ከተማ ወጣ፣ ተፈናቃዮችም መመለስ ጀመሩ። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ዓ.ም. በአብዬ የሚኖረው የንጎክ ዲንካ ሕዝብ የበላይ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በሰላም አስከባሪው አጀብ እየተጓዙ ሳለ ተገደሉ፤ አብሯቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሕይወቱን አጣ። ኢትዮጵያና ሱዳን በአልፋሽጋ ድንበር ከተጋጩ በኋላ ሱዳን የኢትዮጵያ ጦር እንዲወጣ ጠየቀች፤ በ2014 ዓ.ም. በሌሎች አገሮች ጦር ተተካ። ዋስነት የተመሠረተው በመተማመን ላይ እስከሆነ ድረስ፣ መተማመኑ ሲላላ ብቃትና ልምድ ብቻቸውን አያቆዩትም።

ከ2014 ዓ.ም. በኋላ

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ሲሻገር ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው፣ ከ1928ቱ የደሴ ድብደባ 86ኛ ዓመት በማግስቱ። በእነዚያ ሳምንታት በሁለቱ ወገኖች መካከል የገባ የውጭ ሰላም አስከባሪ አልነበረም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በአፍሪካ ኅብረት መሪነት የተገኘ በመሆኑ ለአህጉሩ ክብር ነው። ለአፈጻጸሙ የተመደበው ግን መቀሌ ላይ የተቀመጠ ጥቂት ባለሙያዎች ያሉት የክትትል ቡድን ነው፤ ያየውን ከመመዝገብና ከማሳወቅ ያለፈ፣ በመካከል የሚቆም ጦር አልተሰጠውም።

ስምምነቱ የአከራካሪ አካባቢዎችን ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታ ብሎ አሳድሮታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአላማጣና በአካባቢው ግጭት ሲነሣ ከ50,000 በላይ ሰው መፈናቀሉን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ አስታውቋል፤ አብዛኛው ወደ ቆቦ፣ ቀሪው ወደ ሰቆጣ ነበር የሸሸው።